ደንቆሮ ጫጩቶች

ደብረ ታቦር
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመምህር ካሳሁን፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ዓይንዎ? ጆሮዎን አልጠይቅም። ባለፈው ጉሮሮዬ እስኪዘጋ በስልክ ስጮህ ቆይቼ «ማን ልበል?» ብለው ሲዘጉብኝ መልሱን አግኝቼዋለሁ። ይኸው እንዳሉት በወረቀት መጣሁ። ተማሪዎ ሳለሁ ጽሕፈቴን ዶሮ የጫረው ይሉት ነበር። አሁን ከዶሮ ጋር ስለምውል ቢብስ እንጂ አይሻልም፤ ይታገሡኝ።

የሐሙሲቷ እትዬ አማረች ጫጩቶቹን ለምን መለሰችብሽ ላሉኝ፣ የሚመለስ ቢተርፋትማ ጥሩ ነበር። ጭልፊት ነው የጨረሰባት። ከእንቁላል መፈልፈያ ማሽኔ የወጡትን ወስዳ ከታቃፊ ዶሮዋ ሥር ከራሷ ጫጩቶች ጋር ቀላቀለቻቸው። ከዚያ አንድ ቀን ደጄ ላይ ቆማ ሰፈሩን አስወጣችብኝ።

«አንቺ ልጅ! ደንቆሮ ጫጩት ነው የሸጥሽልኝ! ዶሮዋ ጭልፊት አይታ ስትጮህ የኔዎቹ ሮጠው ክንፏ ሥር ይገባሉ። ያንቺዎቹ ሜዳ ላይ ቆመው ሰማይ ያያሉ!»

እሷ ብቻ ብትሆን በተውኩት። ሌሎቹም ደንበኞቼ ይህንኑ ነው የሚሉኝ። ሙላቴ የሚባል እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስለ እንስሳት የሚያስተምር ልጅ አለ፤ መጥቶ አየልኝ። «ጫጩት ሳይፈለፈል ገና እንቁላል ውስጥ ሆኖ ይሰማል» አለኝ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ታቃፊዋ ከላይ ሆና የምትለውን ይለምዳል። ጫጩቶቹም በቅርፊታቸው ውስጥ ሆነው እርስ በርስ ይጠራራሉ፤ በዚያ ተቀጣጥረው ነው አብረው የሚወጡት። «ያንቺዎቹ ያደጉበት ድምፅ የማሽኑ ማራገቢያና የጎረቤትሽ ብየዳ ነው፤ የዶሮ ቋንቋ ከየት ያምጡ?» አለኝ።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ገብስማዋ ዶሮ ታቅፋለች ብለው ነበር። በሰጠሁዎ ስልክ ድምፅዋን ይቅረጹልኝና የስልኩን ሚሞሪ አውጥተው በአለምነው ሚኒባስ ይላኩልኝ። እንቁላሎቼን አሰማቸዋለሁ። ይህ ዙርም ከተበላሸ የሴቶች ማኅበሩ እንቁላል ማምጣቱን ያቆማል፤ ማሽኑን ይዤ መቀመጥ ነው።

ልጄ ውዴስ? ከሳዑዲ ከተመለስኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ትጠይቅሻለች ያለኝ ግን የለም። በስልክ ሲያገናኙኝ ትንፋሿን ብቻ ነው የምሰማው። ስለ እኔ ምን ትላለች?

ልጅዎ ማስተዋል


ወንዛዬ
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማስተዋል፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። እዚህ ዝናሙ ገብቷል፤ ገብሱ ተዘርቷል፤ ፍልውኃው ዘንድሮም ከየአገሩ በመጣ በሽተኛ ተሞልቷል። እኔም ወርጄ ጆሮዬን ነክሬ መጣሁ። ጆሮዬ ከመታጠቡ በቀር የጨመረው የለም።

ደብዳቤሽን አነበብሁ። ሁለት ቦታ አራት ነጥብ ረስተሻል። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠው አልሰማ ሲሉኝ ኖሬ፣ ያንቺ ሙላቴ እንቁላል ውስጥ ሆነው ይሰማሉ ሲል እንዴት ልመነው? ግን እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በክረምት ዶሮ ስታስታቅፍ ከጭዱ ሥር ሚስማር ታስቀምጥ ነበር። ነጎድጓድ እንቁላሉ ውስጥ ገብቶ እንዳይገድለው ነው ትለኝ ነበር፤ እኔም እስቅባት ነበር። ስለዚህ ነገሩ ለቤታችን አዲስ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ሰው ሲለው ብቻ ነው የሚታመነው።

ድምፁ ተቀርጿል። ስልኩን የያዘችው ውዴ ናት፤ ቀዩን ነገር መጫን እሷ ታውቃለች። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር፤ ዶሮዋ አንገቷን ስታወዛውዝ አይቻለሁ፤ ትናገራለች ማለት ነው። ሚሞሪውን በጨርቅ ጠቅልዬ ለአለምነው በሐሙሲት ገበያ ሰጥቼዋለሁ። ቢጥለው እሱን ጠይቂው እንጂ እኔን አትጠይቂኝ።

ውዴ ደህና ናት። ትበላለች፤ ትተኛለች።

አባትሽ ካሳሁን


ደብረ ታቦር
ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ፤

እንደምን ከረሙ? ዝናሙ እኛንም አልማረን፤ ደጄ ጭቃ ሆኖ ባጃጅ መግባት አቁሟል።

ሚሞሪው በሰላም ደረሰ፤ ክብር ይስጥልኝ። መጀመሪያውን ሰማሁት፤ ገብስማዋ ቅክ ቅክ ስትል ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ በላይ ለመስማት ጊዜም አላገኘሁ። ትንሽ ስፒከር ገዝቼ ማሽኑ ውስጥ አስቀመጥኩና ቀን ቀን እንዲጫወት አደረግሁት። አዎ፣ እኔም በሩን ዘግቼ ሥራዬን እሠራለሁ እንጂ አብሬ አላዳምጥም። ጩኸት የበቃኝ ሰው ነኝ።

ከብየዳ ሠራተኛው ጎረቤቴ ጋር ተነጋግረናል። ወርቁ መልካም ሰው ነው፤ ብረት ሲቆርጥ ግን ጥርስ ያስነቅላል።

«ወርቁ፣ እባክህ ቀስ በል፤ እንቁላሎቼ እየሰሙህ ነው» አልኩት።

የብየዳ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየኝ። «ምን አሉሽ?»

«ስቀህ ጨርስና በሩን ዝጋልኝ።»

«እኔ እንጀራዬ በዚህ ድምፅ ውስጥ ነው፣ እህቴ። በር ዘግቼ ጭሱን ልጠጣው?»

ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ እያሳለ ከፈተው። 

አሁን ደግሞ አይቆጡኝ። «ትበላለች፤ ትተኛለች» ብለው ጻፉልኝ። ጥጃም ይበላል፤ ይተኛል። ምን እንደምትል ነው የጠየቅኩዎት። አባቷ ሞቶ ባዶ እጄን ስቀር የሁለት ዓመት ልጅ እጅዎ ላይ ጥዬ መሄዴን አልረሳሁም። ግን ከተመለስኩ ወዲህ በጠየቅኩ ቁጥር «ቆይ ትልመድ» ነው የሚሉኝ። ምኑን ነው የምትለምደው? እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ!

ማስተዋል


ደብረ ታቦር
ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፤

ጫጩቶቹ ወጡ። እንደዚህ ተከታትለው ወጥተው አያውቁም፤ ጠዋት ቅርፊቱ መሰንጠቅ ጀመረ፣ ሳይመሽ ትሪው ሞላ። ሙላቴን ልስመው ምንም አልቀረኝ። ለእትዬ አማረችም ለከሠረችው ምትክ ሰጠኋት።

ትናንት ተመልሳ መጣች። «ደንቆሮዎቹ ይሻሉኝ ነበር!» አለች። «እነዚህ ዶሮዋን ዞር ብለው አያዩዋትም። ልጆቼ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር እየሮጡ እግራቸው ሥር ይገባሉ። አንዱን ትንሹ ልጄ ሳያየው ረግጦ ገደለው። ምን አሰምተሻቸው ነው?»

እኔም ምን እንዳሰማኋቸው አላውቅም ነበር። በሩን ቆልፌ የላኩልኝን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደመጥኩት። ዶሮዋ የምትሰማው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ልጅ ነው። ልጅ ያወራል፣ ያወራል፣ አያቋርጥም።

የማን ልጅ ድምፅ እንደሆነ አላወቅኩትም። የጎረቤት ልጅ ገብታ አበላሸችው ብዬ ተናድጄ ነበር። የልጄን ድምፅ አላወቅኩትም፣ አባቴ!

ያለችውን እንዳለ ልጻፍልዎ፤

«አትነሺ፣ እሺ? ብትነሺ ይበርዳቸዋል። ውሃ ካማረሽ እኔ አመጣልሻለሁ። የኔ እናት ተነሥታ ሄዳለች። እኔ አልሞትኩም፤ ያንቺዎቹ ግን ትንንሽ ናቸው።»

ይህን ማን ነገራት? አጠገቧ ቆመው ለምን ዝም አላሰኟትም? እኔ እዚህ ሳምንት ሙሉ ይህን ለእንቁላል ሳሰማ ነበር። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ደህና ናት» ይሉኛል!

ማስተዋል


ወንዛዬ
ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማስተዋል፤

ሰላምታ አልጻፍሽልኝም፤ እኔም አልጽፍም።

ማን ነገራት ትያለሽ። ማንም አልነገራትም። ልጅ ዓይን አለው። ለፋሲካ ከረሜላና ቀሚስ ይዘሽ መጥተሽ ግማሽ ቀን ተቀመጥሽ። እሷ ከጎተራው ጀርባ ተደብቃ እስክትሄጂ አልወጣችም። አንቺም «ታፍራለች» ብለሽ መኪናሽን ያዝሽ። ማፈር አልነበረም።

ለምን ዝም አላሰኟትም ትያለሽ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፤ ከንፈሯን አላየሁም። ድምፅዋን ከሰማሁት ዓመት አልፎኛል። ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?

እንግዲያው ያልነገርሁሽን ስሚ። «ትበላለች፤ ትተኛለች» ያልሁሽ ሌላ የምጽፈው ደግ ነገር አጥቼ ነው። ውዴ አታወራም። እንደሰማሽው አፏ ምላጭ ነው፤ ግን ለሰው አታወራም። ፊት ታወራኝ ነበር። «ምን አልሽ?» እላታለሁ፤ ትደግምልኛለች። «ምን?» እላታለሁ፤ ትጮኻለች። ስትጮኽ ፊቷን አይቼ የተቆጣችኝ ይመስለኝና እኔም እቆጣታለሁ። እንዲህ እያልን ቆይተን ተወችው። አሁን ውኃ ስትፈልግ ዋንጫውን ታሳየኛለች፤ ሲርባት ሆዷን ትነካለች። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ሆነች። አስተማሪዋ «ልጅቱ መስማት ይሳናታል ወይ?» ብላ ላከችብኝ። መስማት የተሳነኝ እኔ ነኝ። እሷ ከእኔ ተማረችው።

ለዶሮዋ የምታወራው ዶሮዋ «ምን?» ስለማትላት ነው።

ይህን ለምን እስካሁን ደበቁኝ ብትዪኝ፣ ብጽፍልሽ መጥተሽ ትወስጃታለሽ ብዬ ነው። አሁን ደግሞ ባትመጪ ምን ይውጣታል እላለሁ። ሁለቱም አላስተኛ አለኝ።

ካሳሁን


ደብረ ታቦር
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ፤

እንዴት ነዎት? ያለ ሰላምታ በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። 

መጥቼ እወስዳታለሁ። ዛሬውኑ በመጣሁ፤ ነገር ግን ማሽኑ ውስጥ የማኅበሩ እንቁላል አለ፤ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። መብራቱ በየሰዓቱ ይጠፋል፤ ጀነሬተሩን የማስነሣው እኔ ነኝ። ደግሞ ቡሄ ደርሷል፤ የሰፈሩ ጎረምሶች ከአሁኑ ጅራፍ እየገመዱ ደጄ ላይ ያጮኹታል። አንዱን ብለምነው «በደብረ ታቦር ከተማ፣ በደብረ ታቦር በዓል ጅራፍ አታጩኽ ልትዪኝ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው።

ቡሄ ባለፈ በቅዳሜው እመጣለሁ። ሙላቴ ማሽኑን ልጠብቅልሽ ብሎኛል። ለውዴ ግን አይንገሯት። መንገዱ አይታመንም፤ ሳታውቅ ብቀር ቂም አትይዝብኝም።

ማስተዋል


ወንዛዬ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማስተዋል፤

ነግሬአት ነበር። አይንገሯት ብትዪኝም አላስቻለኝም፤ መሬት ላይ በእንጨት ጽፌ «እናትሽ ቅዳሜ ትመጣለች» ብዬ አስነበብኋት። ማንበብ በደንብ ትችላለች። እግሯን ታጠበች፤ ያመጣሽላትን ቀሚስ ለበሰች። መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ዝናም ሲመጣ ግቢ ብያት እንቢ አለችኝ፤ ጋቢዬን አልብሻት አብሬአት ቆምሁ። የመጨረሻው መኪና አልፎ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ራሷ ወርዳ ገባች። ቀሚሱን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

ለዶሮዋም ማውራት ትታለች።

ምክንያት እንዳለሽ አውቃለሁ። መቼም ምክንያት አጥተሽ አታውቂም።

ካሳሁን


ደብረ ታቦር
ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፤

ምክንያቴን ልንገርዎና እንዳሻዎ ያድርጉት። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተሳፈርኩ። ወረታ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል ተባልን። ሲከፈት እንሄዳለን ብለን መናኸሪያው ውስጥ ዋልን። ሌላ ሴት በሞተር ሳይክል ስትሄድ አይቼ እኔም ለመንኩ፤ እንቢ አሉኝ። በእግሬ ጀመርኩና ሰዎች መለሱኝ። አድሬ ስጠብቅ በማግስቱም አልተከፈተም፤ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ቤቴ ስደርስ ሙላቴ ደጃፉ ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ አልነሣም ብሎታል። በብርድ ልብስ ሸፍኗቸው ነበር፤ አልሆነም። አንዱን እንቁላል አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁት። ከቀናት በፊት ከውስጥ ጭው ጭው ይሉ ነበር። ዝም። ሌላውን አነሣሁ፤ ዝም። ትሪውን በሙሉ እንደዚያ እያነሣሁ ጨረስኩት።

የማኅበሩ ሴቶች መጥተው ባዶ ቅርጫታቸውን ብቻ ይዘው ተመለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄም ጋ አልደረስኩ፣ እንቁላሌም አልተረፈልኝ። ማሽኑን አጥፍቼዋለሁ። አሁን የምጠብቀው ነገር የለኝም፤ መንገዱ ከተከፈተ እመጣለሁ፤ ካልተከፈተም በዞረው በኩል እመጣለሁ። ይህን ደብዳቤ አለምነው ቀድሞኝ ካደረሰው ያንብቡት። ለውዴ ይንገሯት፣ አይንገሯት፣ እርስዎ ያውቃሉ።

ማስተዋል


ደብረ ታቦር
መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመምህር ካሳሁን፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። ውዴን ይዤ ከተለያየን ወዲህ አንድም ቃል አልላኩልዎትም። የምጽፈው ጥሩ ነገር እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነበር፤ የእርስዎን ጠባይ ወስጄ ይሆናል።

መንገዱን ሙሉ አላየችኝም። በመስኮት በኩል እያየች ሐሙሲትንም ወረታንም አለፈች። እዚህም ከገባች በኋላ ዋንጫ ታሳየኛለች፤ ሆዷን ትነካለች። «እኔ እሰማለሁ እኮ፤ ንገሪኝ!» አልኳት። ተቆጣኋት። ለመንኳት። አንድ ቀን በር ዘግቼ አለቀስኩ። ትምህርት ቤት አስመዘገብኳት፤ ስሟን ሲጠይቋት ጽፋ ሰጠቻቸው።

ማሽኑን ደግሞ አስነሥቼዋለሁ። እንቁላሉ ጥቂት ነው፤ እትዬ አማረች ናት ያመጣችው። «ለሦስተኛ ጊዜ ካበላሸሽው ከነጫጩቶቹ መጥቼ አልጋሽ ላይ እተኛለሁ» ብላኛለች። ሙላቴ የሌላ ታቃፊ ድምፅ ራሱ ቀርጾ አመጣልኝ፤ አሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አድምጫለሁ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩም ያው ጀነሬተር ነው። መስመር የሚጠግነውን ሰውዬ በስልክ አግኝቼ በዓለም ያለውን ቁጣ ሁሉ አወረድኩበት። ከኋላዬ ቀሚሴ ተጎተተ። ዞርኩ። ውዴ ናት፤ ግንባሯን ቋጥራ ወደ ማሽኑ ትጠቁማለች።

«አትጩኺ» አለችኝ። «ይሰሙሻል እኮ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ሰውዬውን ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ ተስተካከለ ብዬ አልዋሽዎትም። እኔን የምታናግረኝ ስታርመኝ ነው። ሽሮዬ ቀጥኗል፤ በሩን አንኳኳሁት፤ ጫማዬ ጭቃ አስገባ። ግን ታርመኛለች። እርስዎ ብቻዎን እንዴት ሆኑ?

ማስተዋል


ወንዛዬ
ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለማስተዋል፤

እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፤ እተኛለሁ።

ይህን ጽፌ ልዘጋው ነበር፤ ጥጃ ያልሽው ትዝ ብሎኝ ተውሁት። ደህና አይደለሁም። ጆሮዬ ሲደነቁር ቤቱ ዝም አለ ብዬ ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ነው ዝም ያለው። በእጇ ትከሻዬን ነክታ የምታሳየኝ ነገር ነበራት፤ ጥንዚዛ፣ የተሰበረ ቅል፣ ጨረቃ። አሁን የሚነካኝ የለም። ገብስማዋ ጫጩቶቿን ይዛ ጓሮ ትውላለች፤ ምን እንደምትላቸው አላውቅም።

ከእኔ ጋር ኑሩ እንዳትዪኝ። የአባቴን መሬት ጥዬ ብየዳ ቤት አጠገብ አልኖርም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅቱ አፏን ከከፈተች፣ ምን ትላለች? እኔ ሳልሰማው ያለፈኝ ብዙ ነው። ያለችውን እንዳለ ጻፊልኝ። ስሕተቱን አታርሚ።

አባትሽ ካሳሁን


ደብረ ታቦር
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባቴ፤

ከዚህ በታች ያለው ቃሉ የእሷ ነው፤ እጁ የኔ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ታስጽፈኛለች።

«አባባ፣ እንደምን አሉ? ጻፊ ብያት እማዬ እየጻፈች ነው። እሷ ቶሎ ቶሎ አትጽፍም። ጫጩቶቹ ወጡ። አንዷ ቀረች። እማዬ ተያት፣ አትወጣም አለችኝ። እኔ አልተውኳትም። አወራኋት። ከውስጥ መለሰችልኝ፤ እማዬም ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች። ማታ ወጣች፤ ግን አንድ እግሯ ጠማማ ነው። እሷ አትሸጥም። እትዬ አማረች ሌሎቹን ወሰደቻቸው። ዶሮዋ ስትጠራ የሚሄዱም አሉ፣ የማይሄዱም አሉ አለች። ጭልፊት አንድ ብቻ ነው የወሰደባት። አልተሳደበችም። ሙላቴ እንቁላል ያለበት ክፍል ውስጥ አታውሪ አለኝ። እማዬ ግን ለዶሮ የሚሰጡት በአንድ ዙር ይሁኑ፣ የማኅበሩ ሴቶች ያለ ዶሮ በእጃቸው የሚያሳድጓቸው በሌላ ዙር ይሁኑ፤ በነሱ ዙር አውሪ አለችኝ። ሴቶቹ ሲጠሯቸው እንዲመጡ ነው። ስለዚህ ሥራ አለኝ። አባባ፣ ስትፈልጉኝ ጻፉ፤ እኔ ማንበብ እችላለሁ። የማልችለው ከዚህ ሆኜ እርስዎን መስማት ነው። ወርቁ ብየዳ ሲያበራ ብልጭታውን አትዪው ይለኛል፤ እኔ ግን...»

አባቴ፣ ስለ ወርቁ የተናገረችው ብቻ ሌላ ወረቀት ይሞላል። እዚህ ላይ ላቁም፤ አለምነው ደጅ ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ነው፤ እጄም ዝሏል። እሷ ግን አልጨረሰችም።

ማስተዋል